የተከፈተ ደብዳቤ

ሽማግሌው ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ላስቲኩ እንኳ በቅጡ ያልተላጠ ላፕቶፕ፣ ከጎኑ የኪኒን ብልቃጥ። አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው፣ በጡረታቸው ኢሜይል ለማየትና ዜና ለማንበብ ብቻ ያስገዙትን ዕቃ አንድ ሳምንት እንኳ አልጠገቡትም።

መርማሪዋ ስትደርስ ቤተሰቡ ፈርዶ ጨርሷል። ሐዘን የገባበት ቤት ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ጥፋተኛ ደግሞ ከቅጥር ሠራተኛ አይርቅም። ክሊኒኩ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ «አዲሱን ኪኒን ዛሬውኑ ያቁሙ» የሚል ኢሜይል ልኳል። ኢሜይሉ ተከፍቷል፤ ኪኒኑ ግን እስከ መጨረሻው ተውጧል። ኪኒኑን የምትሰጣቸው አስታማሚያቸው ነበረች። አንብባ ደብቃለች እያለች ከሁሉ በላይ የጮኸችው ሴት ልጃቸው ናት፤ ምላስ አጥንት የለው! ፖሊስ አስታማሚዋን ይዟታል። ሁለት ልጆቿ ጎረቤት ዘንድ ቀርተዋል፤ ሌላ ከፋች ካልተገኘ ከርቸሌ መውረዷ ነው።

የመርማሪዋ ጥያቄ አጭር፣ ጆሮዋ ግን ረጅም ነው። የከባድ መኪና ሹፌሩ ወንድ ልጅ፣ ለአባቱ የኢሜይል አድራሻ ሰኞ አስከፍቶ ለክሊኒኩ እንደሰጠ፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛ ላይ እንደተወና ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ መንገድ እንደወጣ ነገራት። አሠሪዎቹም አረጋገጡላት።

ልጅቷ ደግሞ ራሷንም ትወቅሳለች። ከሦስት ላፕቶፖች ርካሹን የመረጠችው እሷ ናት፤ ምናልባት ዕቃው ተንቀራፎ ደብዳቤውን ሳያሳያቸው ቀርቶ ይሆን?

«ደህናውን ብገዛለት ኖሮ አባቴ አይሞትም ነበር» አለች።

«እንዴት ነው የመረጥሽው?»

«ፍጥነቱን አይቼ። ለኢሜይል ያህል ሦስቱም ያው ናቸው፣ ምን አስወጣኝ ብዬ።»

መርማሪዋ ከዚያ ላፕቶፑ ወደተገዛበት ሱቅ ሄዳ ሻጩን አነጋገረች፤ ጣቢያ ደግሞ አስታማሚዋን። አስታማሚዋ ከራሷ ይልቅ ለሟቹ ታለቅስ ነበር።

«አባባ በየጠዋቱ ላፕቶፑን ራሳቸው ከፍተው ፊደሉ የደመቀውን ብቻ ነበር የሚያነቡት። ያልደመቀው የተከፈተ ነው ይሉኛል። የተከፈተ ደብዳቤ ባለቤቱ እጅ ደርሷል፣ የደረሰ ደብዳቤ ማየት ነውር ነው ይሉ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ፦ ወንድምና እህት፣ የላፕቶፑ ሻጭ፣ አስታማሚዋም ከፖሊሱ ጋር። መርማሪዋ ቆማ ጀመረች።

«የላፕቶፑ ደረሰኝ የተቆረጠው ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ነው። የክሊኒኩ ኢሜይል ግን ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተከፍቷል። ላፕቶፑ ገና እዚህ ቤት አልገባም ነበር። ታዲያ አስታማሚዋ በምን ትክፈተው? ስልኳ እንደሆን ባለ ቁልፍ ነው፣ ኢንተርኔት አያውቅም።»

«ኢንተርኔት ካፌ ሄዳ ይሆናላ!» አለች ልጅቷ።

«እኔም አስቤው ነበር። የኢሜይሉ መግቢያ መዝገብ ግን ሌላ ይላል። ኢሜይሉ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሦስት ኮምፒውተር ተከፍቷል። ደብዳቤ የሚደብቅ ሰው አንዴ ከፍቶ ይበቃዋል፤ ደግሞም ያጠፋዋል እንጂ እዚያው አይተወውም። አንዱን ደብዳቤ በሦስት ኮምፒውተር የሚከፍተው፣ ላፕቶፕ የሚመርጥ ሰው ብቻ ነው።»

ሻጩ መሬት መሬት እያየ፣ «ከላይ ያለውን ኢሜይል ክፈቺና ሞክሪው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ።

ልጅቷ ወደ ላፕቶፑ ዞረች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ።

«አላነበብኩትም። የይለፍ ቃሉን ከጠረጴዛው ይዤ ሄጄ የቱ ቶሎ እንደሚከፍት ነበር የማየው።»

«አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ላፕቶፑም ምንም አልጎደለውም። አንቺ ስትከፍቺው ድምቀቱ ጠፋ፤ አባትሽ የተከፈተ ደብዳቤ አያነቡም፤ ኪኒኑን ዋጡ።»

ልጅቷ ተነስታ አስታማሚዋ እግር ስር ልትወድቅ ስትል፣ አስታማሚዋ ክንዷን ይዛ አቆመቻት። ይቅር ማለቷም አለማለቷም ፊቷ ላይ አይነበብም ነበር። ልጅቷ ዞር ብላ ሁለት እጇን ለፖሊሱ ዘረጋች።

«እኔን ውሰዱኝ።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። «አንቺን የምንከስበት ሕግ የለም፣ እህቴ።»

ልጅቷ እጇን አላጠፈችም። ፖሊሱ ካቴናውን ኪሱ ከትቶ፣ አስታማሚዋን ወደ ልጆቿ ሊያደርሳት ይዟት ወጣ።