ለብርቄ የተጨመረው ሰዓት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ በሳቅ የምፈርስ ሰው ነበርኩ፣ እውነቴን ነው፣ ከአዳማ አሰላ ሚኒባስ መንዳት ከጀመርኩ ጀምሮ ደራ አካባቢ አንድ መታጠፊያ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት መኪና ታስቆማለች፣ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ትንሽ ቆይቶ ሹፌሩ በመስታወት ሲያያት ወንበሩ ባዶ ነው የሚለውን ተረት ያላወራልኝ ተሳፋሪ የለም፣ እኔም ሁሌ «ሳትከፍል የምትወርድ ከሆነች መንፈስ ሳትሆን የሰፈሬ ሰው ናት» እያልኩ አስቃቸው ነበር።

አሁን አልስቅም። የምነግራችሁ ነገር ደግሞ በጨለማ የሆነ አይደለም፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ ቤት ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ነው የደረሰብኝ፣ አልጠጣሁም፣ አልቃምኩም፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ብርቄ ታናሽ እህቴ ናት፣ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ። መዳሟ እሁድ እሁድ ከሰዓት ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ፣ የቤቱ ሰዓት ሦስት ሲል፣ ብርቄ በዋይፋይ እማዬ ስልክ ላይ ትደውላለች። የነሱ ሦስት ያው የኛ ዘጠኝ ነው። ጣጣው ምንድነው፣ እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያንቀሳቅሱታል፣ የነሱ በጋ ሲሆን ወደፊት፣ የነሱ ክረምት ሲሆን ወደኋላ። በነሱ በጋ ከኛ ጋር እኩል ስለሆኑ በዘጠኝ ትደውላለች፣ በጥቅምት ወደኋላ ሲመልሱት ግን የሷ ሦስት የኛ አስር ላይ ይውላል። እማዬ ይሄን መጀመሪያ የሰማች ጊዜ «ሰዓት እንደ ወንበር ይገፋል እንዴ? በእግዜር ሥራ መግባት አይሆንም?» ብላ ተቆጥታ፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው፣ የግድግዳ ሰዓቷ ሥር ክረምት ከበጋ ከዘጠኝ ጀምራ ትቀመጣለች።

ያን እሁድ ግን ጎረቤት ለቅሶ ነበረና እማዬ ድንኳን ሄደች፣ «ብርቄ ስትደውል አንሳላት፣ እንዳትተኛ ደግሞ!» ብላ ስልኳን እኔ ላይ ጣለችው። ሰዓት የሚቀየርበት እሁድ መሆኑን እኔ ከየት አውቄ፣ ማንም የነገረኝ የለም።

ዘጠኝ ሲል ስልኩ ጠራ፣ የብርቄ ፎቶ መጣ፣ አነሳሁት። ምስል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ነገር በነፋስ ሲርገበገብ ነው፣ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ ይላል፣ የለቅሶው ድንኳን መስሎኝ ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት፣ ድምፁ ግን ከስልኩ ነው የሚመጣው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ብርቄ እንዲህ ነው የምትጠራኝ፣ ታላቋ ነኝና።

«አቤት የኔ እመቤት፣ እማዬ ለቅሶ ሄዳለች፣ ዛሬ ከኔ ጋር ነው ጉድሽ።»

አልሳቀችም። «ጋሼ፣ ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ነዋ! ምን ሆነሻል?»

«እዚህም ዘጠኝ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ልክ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው። «ምንጣፉ ከበደኝ ጋሼ። ቀዩ ምንጣፍ። ሳራግፈው ይዞኝ ሄደ። አንዱ ጫማዬ እላይ ቀረ።»

«እላይ የት? ብርቄ?»

«በረንዳው ላይ። አላመመኝም። ለእማዬ እንዳትነግራት።»

ከዚያ ከሷ ጀርባ ሰዎች በአረብኛ ሲጯጯሁ ሰማሁ፣ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ አንዲት ሴት ትጮኻለች፣ ጩኸቱ ሁሉ ደግሞ ቅርብ ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የሚሰማ የመንገድ ጫጫታ አይደለም፣ መሬት ላይ፣ ጆሮዋ ሥር ነው። ያ የሚርገበገበው ነገር አንዴ ጠፍ አለና ስልኩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ፣ አይጠራም። የተደወለውን የሚያሳየውን ቦታ ከፈትኩት፣ እመኑኝ፣ የዛሬ የሚባል ነገር የለም፣ የመጨረሻው የብርቄ ጥሪ ያለፈው እሁድ ነው። አጥፍቼ አበራሁት፣ የለም። በጤናዬ ነኝ? ብዬ ፊቴን ታጠብኩ፣ ግቢ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ቤሩት ሌላ የማውቀው ሰው የለኝ፣ የመዳሟ ስልክ የለኝ፣ እህቴ ከፎቅ ወድቃ መንገድ ላይ ተኝታ እኔ አዳማ ውስጥ ስልክ ይዤ እሽከረከራለሁ። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ለጠላቴም አልመኝም።

እማዬ ከለቅሶ ተመለሰች። «ደወለች?» አለችኝ። ምን ልበላት? «አልደወለችም» አልኩ። እሷ ሰዓቷን አየት አድርጋ «አረፈደች» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሥሩ ተቀመጠች፣ እኔ ፊቷን እንዳላይ በሩ ላይ ቆምኩ።

አስር ሲል ስልኩ ጠራ።

እማዬ አነሳችው፣ ብርቄ በምስል መጣች፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ትስቃለች! «እማዬ፣ ዛሬ እኮ ሰዓት ተቀየረ፣ አንድ ሰዓት ተጨመረልን፣ እናንተ ጋ አስር ነው አይደል?» ትላለች። እማዬ አጠገብ ዘጭ አልኩ። ማልቀስ አማረኝ፣ በደስታ። ከዚያ ግን ከጀርባዋ ግድግዳ የተደገፈውን ነገር አየሁት። ተጠቅልሎ የቆመ ቀይ ምንጣፍ ነው።

ስልኩን ከእማዬ እጅ ነጠቅኩ። «ብርቄ፣ ያ ምንድነው?»

«ምንጣፍ ነዋ፣ ብርድ ሊገባ ስለሆነ መዳም ዛሬ አወጣችው። በረንዳ ላይ አራግፌ ላነጥፈው ነው። ሰዓት ባይጨመር ኖሮ እኮ ይሄኔ ጨርሼው ነበር፣ ትርፍ ሰዓት አለኝ ብዬ ቁጭ አልኩ።»

«እንዳትነኪው!»

«እንዴ! ጋሼ?»

«ያን ምንጣፍ ይዘሽ በረንዳ እንዳትወጪ፣ ሳሎን ውስጥ ጥረጊው፣ ተይው፣ አቃጥይው፣ እንዳትወጪ ብቻ!»

«መዳም ትገድለኛለች!»

«እማዬ ትሙት በይ!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ «ውይ! እኔን ምን በደልኩህ ብለህ ነው የምትገድለኝ?» ብላ አማተበች፣ እኔ ግን አልለቀቅኳትም፣ ብርቄ እያኮረፈች «እሺ፣ እማዬ ትሙት፣ አልወጣም» እስክትል ድረስ። እኛ ቤት በእማዬ ከተማለ አበቃ፣ ማንም አያፈርሰውም። ከዚያ ጫማሽን አሳይኝ አልኳት፣ የባሰ አበደ ብላ መሰለኝ ስልኩን ወደ እግሯ አዞረችው፣ አረንጓዴ ነጠላ ጫማ ነው፣ የአንደኛው ማሰሪያ ተበጥሶ በቢጫ ክር ታስሯል።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ቅዠት ነው ብዬ እተወው ነበር። ማታ ላይ ግን ብርቄ ድምፅ ቀድታ ላከችልኝ፣ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። «ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። ምንጣፉን ሳሎን ውስጥ እየጠረግኩ በረንዳው ላይ ሌላ ምንጣፍ ሲራገፍ ሰማሁ፣ ጠፍ ጠፍ ይላል፣ ምዬልሃለሁና አልወጣሁም። መዳም ስትመጣ ጫማሽን በረንዳ ላይ ለምን ትጥያለሽ ብላ ተቆጣችኝ። አንድ እግር ነው፣ አረንጓዴ፣ በቢጫ ክር የታሰረ። ጋሼ፣ የኔ እኮ ሁለቱም እግሬ ላይ ናቸው።»

ጣይው አልኳት። ጣልኩት አለችኝ።

ገመቹ ለሚባል መካኒክ ጓደኛዬ ነገርኩት፣ ከሞተር ሥር ጭንቅላቱን እንኳ ሳያወጣ «ዺሲ፣ ተወው አንተ ሰው፣ ኔትወርክ ነው» አለኝ። የምን ኔትወርክ ነው ገና ያልሆነ ነገር የሚያወራው? ሲጨንቀኝ ለእማዬ ነገርኳት፣ ትደነግጣለች ብዬ ስጠብቅ ተነስታ መሬት ሳመች። «ሰዓቷ ደርሶ ነበር ማለት ነው» አለች፣ «ሞት በሰዓቱ መጣ፣ እነሱ ሰዓቱን ወደኋላ መልሰውት አጣት። እሰይ! ያን ሰዓት የመለሰውን እጅ ይባርከው!» ያቺው ሰዓት አይገፋም ያለችው ሴት!

እኔም እንደሷ አምኜ ተረጋጋሁ፣ ብቻ እሁድ እሁድ ብርቄ አውርታ ስትዘጋ ስልኩን ተቀብዬ የተደወለውን ማየት ልማድ ሆነብኝ፣ ሁሌም አለ፣ እፎይ እላለሁ። እንዲህ እያልን የካቲት ላይ ደረስንና አንድ እሁድ ለቀልድ «ያቺን የተጨመረችልሽን ሰዓት ምን አደረግሻት?» አልኳት።

«በመጋቢት መልሰው ይወስዷታል» አለች እየሳቀች። «ሌሊት ተኝተን እያለ አንድ ሰዓት ይቀነሳል፣ ከዚያ ከናንተ ጋር እኩል እንሆናለን።»

እማዬን አየኋት፣ እሷም ገብቷታል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አስቡት፣ እህቴ በሕይወት ያለችው በተጨመረች ሰዓት ነው፣ ያቺን ሰዓት ደግሞ ሊወስዷት ነው።

ብርቄ ምኑም አልገባትም፣ ወሬዋን ቀጠለች፣ የሰዓቱ ነገር እነሱም ቤት በየዓመቱ ያጣላል፣ መዳም «እንቅልፋችንን ያዛባል፣ ይቅር» ትላለች፣ ባልየው ደግሞ «ማታ ፀሐይ አለን፣ ይቀጥል» ይላል፣ ራት ላይ ይነታረካሉ። እኔ በሕይወቴ ለሰዓት ተጨንቄ የማላውቅ ሹፌር፣ አዳማ መናኸሪያ ተራ እየጠበቅኩ «ይቅር! ባለበት ይቁም!» ከሚሉት ወገን ሆንኩ። ሰው ፊት ስለ ቤሩት ሰዓት አንስቼ ስከራከር ገመቹ «ይሄ ሰውዬ ለቋል» ብሎ አስወራብኝ። ነይ ውጪ ብያት ነበር፣ ፓስፖርቷ መዳሟ ጋ ነው፣ ውሏ የሚያልቀው በሰኔ ነው። እማዬ ስለት ተሳለች። ሰዓቱ ግን አልቀረም።

የመጋቢቱ እሁድ መጣ። እማዬ የግድግዳ ሰዓቷ ሥር፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥን። ልክ ዘጠኝ ሲል ስልኩ ጠራ፣ ፎቶዋ መጣ። እማዬ እልል አለች፣ እመኑኝ፣ ከተቀመጠችበት ዘላ ነው የተነሳችው።

«ካሜራው እንቢ አለኝ እማዬ» አለች ብርቄ፣ ድምፅ ብቻ ነው። «ሰዓቱ ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ነዋ ልጄ!»

«እዚህም ዘጠኝ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

ስልኩን ተቀብዬ ግቢ ወጣሁ። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም፣ ድንኳንም አልነበረም፣ ስልኩ ውስጥ ግን አንድ ነገር ጠፍ፣ ጠፍ ይላል። «ብርቄ» አልኳት፣ «ጫማሽን አድርገሻል?»

«አንዱን» አለችና ሳቀች። ሳቁ የሷ ነው፣ እኔን ለማብሸቅ የምትስቀው ሳቅ ነው፣ እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስትዘጋ ግን ስልኩን ከፍቼ አየሁ። የዚያን ቀን ጥሪ የለም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ አንድም ቀን አልቀረችም፣ በዘጠኝ ትደውላለች፣ ካሜራው እንደተበላሸ ነው፣ ስትዘጋ አያለሁ፣ የለም። የላካት ኤጀንሲ ሄጄ ጠየቅኩ፣ «ደህና ናት፣ ሥራ ላይ ናት» አሉኝ፣ ማንን ጠይቀው እንደነገሩኝ እንጃ። ለእማዬ አልነገርኳትም፣ እሷ እህል እንደ ድሮው እየጣማት ስትበላ እያየሁ እንዴት ልንገራት?

ይሄው ሰኔ ገባ። ብርቄ እመጣለሁ ብላለች፣ እማዬ አዲስ ጫማ ገዝታላት አልጋዋ ሥር አስቀምጣለች፣ «ቦሌ ሄደህ ራስህ ታመጣታለህ» ትለኛለች፣ እሺ እላለሁ፣ መኪናዬንም አሳጥቤያለሁ። ብርቄ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ፊት ወንበር አትወድም፣ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ከቦሌ እስከ አዳማ ስንመጣ መስታወቱን ቀና ብዬ የማይበት ልብ የለኝም።