የፊቢ ሀሎዌል ዛፎች

«ወንዙ ሞልቷል። ሪስክ ባናደርግ ይሻላል» አሉ ጋሼ ጀማነህ።

«ታይም የለንም» አለች ፍርዶስ፤ ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ገባችበት።

ከካናል ዊንቸስተር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ጫካ ዳኛው የሰጧት ጊዜ እስከ ቀትር ብቻ ነበር። እስከዚያ የፊቢ ሀሎዌልን መቃብር ካላገኘች ዶዘር ገብቶ ቦታውን ለመጋዘን ይደለድለዋል። ፊቢ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በፈረስ እየዞረች ባርነትን ያወገዘች ኩዌከር የተባለው የክርስትና ወገን ሰባኪ ናት። ወንዶቹ ቁጭ በይ ሲሏት አትቀመጥም፤ ባሪያ ያመረተው ስኳርም በአፏ አይዞርም ነበር። ፍርዶስ ሦስት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያጠናችው እሷን ነው። ፍርዶስ ራሷ ግን ሰው ፊት ቆሞ መናገር ሞቷ ነው።

ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ ግንድ እየተምዘገዘገ መጥቶ ጣላት። የሰፈሯ ሰው ጋሼ ጀማነህ በጃኬቷ ኮሌታ ጎትተው አወጧት። ዳገቱን ሲቧጥጡ ደግሞ እጇ ሥር እባብ አንገቱን ቀና አደረገ። ትንፋሿን ውጣ ጠበቀችው፤ ሰለቸው መሰለኝ፣ ትቷት ሄደ።

የፊቢ ማስታወሻ፣ ለስኳሯ ጣፋጭ ፈሳሽ ከምትቀዳባቸው የሜፕል ዛፎች ረድፍ ማብቂያ እንድትቀበር ይናገራል። ጫካው ግን ዙሪያው ሜፕል ነው። ለቀትር ግማሽ ሰዓት ሲቀር ፍርዶስ ተስፋ ቆርጣ ጭቃው ላይ ዘጭ አለች።

ጋሼ ጀማነህ ትራክ ከመንዳታቸው በፊት መተማ በረሃ ዛፍ እያደሙ ሙጫ ይለቅሙ ነበር። አንዱን ወፍራም ግንድ ዳሰሱት፤ ከዚያ ሌላውን።

«ይሄ የመብረቅ ቁስል አይደለም» አሉ። «መጥረቢያ ነው። ሰው ነው ያደማቸው፤ ሁሉንም በአንድ በኩል።»

ጠባሳ ጠባሳውን ተከትለው ሮጡ። መጨረሻው ዛፍ ሥር ፍርዶስ ቅጠሉን በጥፍሯ ቧጠጠች። ከስንዝር የማይበልጥ ድንጋይ ብቅ አለ፤ የፊቢ ስም ተቀርጾበታል።

ወዲያው ዶዘሩ ቁጥቋጦውን እየጨፈለቀ ደረሰ። የሥራው አለቃ ወርዶ ዞር እንዲሉ አዘዛቸው። ጋሼ ጀማነህ ሊመልሱለት ሲሉ ፍርዶስ ቀደመቻቸው።

«አልነሳም» አለችው። «እዚህ የተኛች ሴት አለች። ድንጋዩን አንብበው።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ሰውየው ተንበርክኮ አነበበ፤ ቆቡንም አወለቀ። በእጁ ምልክት ሲሰጥ የዶዘሩ ሞተር ጠፋ።

ፍርዶስ የጋሼ ጀማነህን ስልክ ተቀብላ ዳውንታውን ላሉት ዳኛ ራሷ አስረዳች፤ ከእግሯ እስከ ራሷ ጭቃ፣ ቀጥ ብላ ቆማ። መልሱ አጭር ነበር፦ ሥራው ይቁም።