ያገለገለ መጋዝ

በ1977 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ፣ ደግፌ የሚባል ወጣት አንድ ያገለገለ መጋዝ አንስቶ ያገላብጥ ነበር። ከጨንቻ የወረደ የሸማኔ ልጅ ነው። አናጺ መሆን አማረው እንጂ ዕቃም፣ መሥሪያ ቦታም አልነበረውም።

«ጥርሱ ዶልዱሟል» አለ።

«በሞረድ ይሳላል። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው» አለች ሻጯ፣ ዓይኗን ከመጋዙ ሳታነሳ።

ሉሊት ትባላለች። አናጺ አባቷ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የሞተ ነው።

ደግፌ መጋዙን፣ አንድ መላጊያና እጀታው የተሰነጠቀ መዶሻ ገዛ። ሊሄድ ሲል ጠራችው።

«የት ልትሠራበት ነው?»

«እንጃ።»

«የአባቴ መሥሪያ ክፍል ጓሯችን ውስጥ ባዶውን ቆሟል።»

እናቷ ወይዘሮ ጣይቱ እየከበዳቸው ፈቀዱ። «ነገ ለሚታፈስ ሰው ልብሽን እንዳትሰጪ» ሲሉ ግን ሉሊትን አስጠነቀቋት። ያን ሰሞን ወጣት ከየመንገዱ እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ይወሰድ ነበር። ወደ ሰሜን ከሄዱት ወሬያቸው የተሰማው ጥቂት ናቸው።

ማስጠንቀቂያው ግን ዘግይቷል። ሉሊት ጣውላውን ትይዝለታለች፤ እሱ ይቆርጣል። የመጀመሪያው በርጩማ አንድ እግሩ አጥሮ ሲንገዳገድ አብረው ሳቁ። መኪና በተሰማ ቁጥር ግን ሳቃቸው ይቆረጣል። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ይተያያሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪናው አልራቀም። አጥሩ ጋ ቆመ።

ደግፌ ግድግዳ ከተደገፉት ጣውላዎች ኋላ ገባ። የመጋዙ ድምፅ ድንገት ቢጠፋ እንደሚጠረጥሩ ሉሊት ገባት። እሱ ካቆመበት ቀጠለች። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ገቡ።

«አናጺው የት አለ?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ። የአባቴ ሙያ ነው።»

«ሴት አናጺ!» አንደኛው በጠመንጃው አፈሙዝ ሰጋቱራውን ጫረ። «እስቲ ጨርሺው።»

መቁረጧን ቀጠለች። ከጀርባዋ አንዲት ሳል ብትሰማ ሁሉም ነገር ያበቃል። ጣውላው ለሁለት ተከፈለ። ሰውዬው የተቆረጠውን በጣቱ ዳሰሰና «ጎበዝ» ብሎ ጓደኛውን አስከትሎ ወጣ።

ደግፌ ከተደበቀበት ሲወጣ ሉሊት መጋዙን መልቀቅ አቅቷት ነበር። ጣቶቿን ቀስ እያለ ፈታላት።

«አለቀ፤ አትፍራ» አላት። አፉን የፈታው በአማርኛ አይደለምና፣ ሲደነግጥ ይደበላለቅበታል።

«አትፍሪ ነው የሚባለው» ብላ አለቀሰች።

«ካምባ፣ ደጋው ላይ፣ አጎት አለኝ። ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

«ብቻህን?»

ወይዘሮ ጣይቱ በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

«ጊዜው ደህና ቢሆን ሽማግሌ ትልክ ነበር» አሉት። «ካምባ ስትደርሱ በአጎትህ ፊት፣ በሥርዓት አግባት።»

እንዳሉትም ሆነ። ካምባ ላይ ወንበርና አልጋ እየሠሩ ኖሩ፤ ፍርሃታቸው ግን አብሯቸው ወጥቶ ነበር። መኪና በተሰማ ቁጥር ደግፌ ከቤቱ ኋላ፣ እንሰቱ ውስጥ ይገባል።

ደርግ በወደቀ በወሩ አንድ የጭነት መኪና ካምባ ገበያ ገባ። ሉሊት የያዘችውን ጣውላ ለቃ እንደ ልማዷ ወደ እንሰቱ አየች። ደግፌ አልሮጠም። መላጉን ቀጠለ። እሷም ተመልሳ የጣውላውን ጫፍ ያዘችለት።