ቁልፉ ሲደርሱ ይሰጣል

ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር።

አገኘሽ መጀመሪያ ያየችው መጋረጃውን ነው። ባዶ ቤት መጋረጃ የለውም። ቀጥሎ የሽንኩርት ቁሌት ሸተታት። ከአውቶቡስ መናኸሪያ የተከራዩት ፒክአፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ከኋላዋ ቆሟል። ላዩ ላይ ሁለት ሣጥን፣ ሦስት ፍራሽ፣ አንድ ጆንያ ዕቃና ሁለት ልጆች አሉ። ከደብረ ታቦር አርባ ምንጭ ለመድረስ አራት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ውሉን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደገና አነበበች። ሴቻ ሰፈር። የቤት ቁጥሩ በሩ ላይ በነጭ ቀለም ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። አከራይ፣ አቶ ወልደ ሚካኤል። ሁለት ክፍል ከነማድቤቱ። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተከፍሏል። ቁልፉ ሲደርሱ ይሰጣል።

አንኳኳች። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ወጡ።

ወልደ ሚካኤል እኔ ነኝ አሉ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበቡት። በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል፤ ለማንም አከራይተው አያውቁም። ከዚያ ጣታቸውን በአከራዩ ስም ትይዩ ያለችው ሐምራዊ የጣት አሻራ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ እኔ ጨንቻ ላይ ሠላሳ ዓመት ፊደል ያስቆጠርኩ መምህር ነኝ። በጣቴ እፈርማለሁ?»

አገኘሽ ፊቷ ጋለ። ውሉ ደብረ ታቦር የደረሰ ቀን አራቱን አሻራዎች አይታለች፤ አንድ የአከራይ፣ ሦስት የእማኞች። አልገረማትም ነበር። የዚያ አገር ሰው የት ተምሮ ይፈርማል ብላ አልፋዋለች።

ውሉን የላከላትና መናኸሪያ የተቀበላቸው ወንድሟ ክንፉ ከፒክአፑ ላይ ዘሎ ወርዶ የሽማግሌውን ኮሌታ ያዘ። ሌባ አላቸው። ሽማግሌው አልታገሉም። ፊቱን ብቻ ትክ ብለው አዩት፤ የት እንደሚያውቁት እንደጠፋባቸው ሰው።

«ተወው» አለች አገኘሽ። «እታለም የምትለኝ ከሆነ፣ ተወው።»

ክንፉ ለቀቃቸው። በአውራ ጣቱ ከግንባሩ ላይ ላቡን ጠረገ። የጣቱ ሆድ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ ጠባሳ አለ። ጠዋት መናኸሪያ ላይ ምን ሆነህ ነው ስትለው ላንቴ እርሻ ላይ ሙዝ ሲቆርጥ ገጀራ ስቶት መሆኑን ነግሯት ነበር።

የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ክንፉ ወደሚኖርበት፣ ሲቀላ ገበያ ጀርባ ወዳለች አንዲት ክፍል ወረዱ። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ። ከአሮጌው የሽቦ አልጋ ሌላ ሁለት አዲስ የጣውላ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ እንጨቱ ገና የመላጊያ ሽታው አልለቀቀውም። ልጆቹ ተሻምተው ወጡባቸው። አገኘሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመችና፣ ወንድም ባይኖረኝ ዛሬ የት እወድቅ ነበር አለች በልቧ።

የጠፋው የኪራይ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ታለቅስና ይወጣላት ነበር።

ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት የቀበሌ ቤት ነበረች። ኪራይዋ ከቁጥር የማይገባ፣ ግን የእሷ ናት የምትላት። የምትሠራበት ድርጅት የደብረ ታቦሩን ቅርንጫፍ ዘግቶ ወይ አርባ ምንጭ ሂጂ ወይ ተሰናበቺ ሲላት፣ ለመሰናበት ወስና ነበር። ጠላ ጠምቄም ቢሆን ልጆቼን በቤቴ አሳድጋለሁ አለች። ለክንፉም እንዲሁ ጻፈችለት፤ ቤት ይዘህ ውሉን ካላሳየኸኝ አልነቃነቅም። የኪራዩንም ገንዘብ ላከች። ከዚያ ውሉ መጣ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መሸኛውን ከመስጠቱ በፊት ቁልፉን ተረከበ። በሳምንቱ ሌላ ሰው ገባበት። የቀበሌ ቤት አንዴ ካስረከቡት አይመለስም፤ ይህን የማያውቅ የለም።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ዳልጮ ነገሩን ሳይቸኩል ሰማ። የጋሞ ሰው ነው፤ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ የሚጠብቅ። ክንፉ አጠገቧ ተቀምጧል። እዚህ ለመምጣት አልፈለገም፤ ፖሊስ የተበላ ገንዘብ አያስተፋልንም ብሏት ነበር።

ዳልጮ ገንዘቡን ለማን እንደሰጠ ክንፉን ጠየቀው።

«ለደላላው። ለኦሊያድ።»

«እማኞቹ ሲፈርሙ ነበርክ?»

«አልነበርኩም። ፈርመዋል ብሎ ወረቀቱን አመጣልኝ።»

ኦሊያድን ከመናኸሪያው በር ላይ ይዘው አመጡት። የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ጥርሱን በመፋቂያ የሚያሸት ወጣት ነው። ውሉን አይቶ ሳቀ። የሴቻን በር ሁሉ በቁጥሩ እንደሚያውቅ፣ የጋሼ ወልደ ሚካኤል ቤት እንደማይከራይ ግን ሕፃን እንኳ እንደማይስት ተናገረ። ክንፉን በዓይን ያውቀዋል፤ ብር ግን ከእጁ ተቀብሎ አያውቅም።

«እኔ ሰው የማታልለው ፊቱን እያየሁ ነው ሃምሳ አለቃ» አለ። «በፖስታማ ነውር ነው።»

ዳልጮ አልሳቀም። የኦሊያድን አውራ ጣት በማኅተም ቀለም አስነክሮ ወረቀት ላይ አስጫነውና ለማጣራት አሳደረው። የውሉ የእጅ ጽሑፍ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች የአንደኛው መሆኑ ታወቀ። ጸሐፊው ግን በቀን ሃያ ውል እጽፋለሁ፤ የማንን ፊት ላስታውስ አለ።

በሦስተኛው ቀን ዳልጮ አገኘሽን ብቻዋን አስጠራት። ማጉያ መነጽር ሰጥቷት ውሉን በመስኮቱ ብርሃን አስያዛት።

«አራቱንም ይዩዋቸው እህቴ። ቀስ ብለው።»

አየች። አራት ስም፣ አራት አሻራ። በአራቱም ላይ ሽንትር የመሰለች ነጭ መስመር አግድም ታልፋለች። በአራቱም እዚያው ቦታ፣ ባንድ ዓይነት ዝንባሌ።

«አንድ ሰው ነው የፈረመው» አለ ዳልጮ። «ኦሊያድ አይደለም። የእሱ ጣት ንጹሕ ነው።»

አገኘሽ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

«እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለበት ሰው ያውቃሉ?»

«ሙዝ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ሊኖረው ይችላል» አለች። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ሙዝ ያነሳ ሰው እንዳልነበረ ታወቃት።

ዳልጮ ውሉን አጠፈ። ከዚያ ነገ ይመለሱ አላት።

ከፀሐዩ ጋር እየታገለች ወደ ሲቀላ ወረደች። ላንቴ ውስጥ መቶ ሙዝ ቆራጭ አለ አለች። መቶ ገጀራ፣ መቶ ጠባሳ። ቤት ስትደርስ ልጆቹ ውጭ ነበሩ። በሩን ስትዘጋው ከበስተጀርባው ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ነገር ተወዛወዘ። ሁለት ክር ሲባጎ ነው። አንደኛው ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ሁለት።

የቋጠረችው ራሷ ናት። ክንፉ ባንድ ደብዳቤ፣ እዚህ ጎበዝ የዶርዜ ሸማኔዎች አሉ፣ የልጆቹን ቁመት ለክተሽ ላኪልኝ፣ ጋቢ አሠራላቸዋለሁ ብሏት ነበር። አንድ ቋጠሮ ለኑሃሚን፤ ሁለት ለተስፋጽዮን። ከውሉ መምጣት በፊት ነው።

ሲባጎውን አውርዳ በትንሹ አልጋ ላይ ዘረጋችው። አልጋው በአንድ ስንዝር ብቻ በለጠው። ሁለተኛውን በሁለተኛው አልጋ ላይ ዘረጋችው። አንድ ስንዝር።

ክንፉ አመሻሽ ላይ የሙዝ ዘለላ በትከሻው ይዞ ገባ።

«ጋቢው የት አለ?» አለችው።

«የቱ ጋቢ?»

«ቁመታቸውን የላክሁበት።»

ዘለላውን ቀስ ብሎ አወረደ። አልጋው ላይ የተዘረጋውን ሲባጎ አየ።

«ቤት ተከራይተህልኝ ከነበረ» አለች፣ «እነዚህን አልጋዎች እዚህ ለማን አሠራሃቸው?»

ክንፉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።  ሲናገር ወደ እሷ አላየም። እሷ በላከችው ገንዘብ ሴቻ ላይ የሚገኝ ቤት አልነበረም፤ አንድ ወር ሙሉ ዞሯል። የሽማግሌውን ስምና የቤት ቁጥር ያወቀው አንድ ቀን ማገዶ ፈልጦላቸው ነው። ገንዘቡ ጣውላ ሆነ፣ ቆርቆሮ ሆነ፣ የዚህች ክፍል ኪራይ ሆነ።

«የለም ብለህ አትጽፍልኝም ነበር?»

«ትቀሪ ነበራ።»

«አዎ። እቀር ነበር።»

«ስድስት ዓመት ነው እታለም። ሠራዊቱ ተበትኖ እዚህ ከቀረሁ ስድስት ዓመት። ወባ ጥሎኝ ሦስት ቀን ውሃ የሚያቀብለኝ አጥቻለሁ። ስሞት ስሜን እንኳ የሚያውቅ የለም። እናንተ ከመጣችሁ… አንዴ ከመጣችሁ መሄጃ የላችሁም ብዬ ነው።»

«ቤቴን እንደማስረክብ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለ ክንፉ። «ውል ያስፈለገው ለእሱ ነው።»

አገኘሽ ሌላ ሁሉ ይቅር ሊባል ይችላል ብላ አስባ ነበር። ይቺን ግን የምታስቀምጥበት አጣች።

በማግስቱ ጠዋት አብረው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወጡ። አልያዘችውም፤ አልጎተተችውም። እኩል ተራመዱ። ዳልጮ ቀለሙን ሲያቀርብለት ክንፉ ሳይባል አውራ ጣቱን ዘረጋ። አምስተኛው አሻራ ከአራቱ ጎን ተቀመጠ።

ዳልጮ ወረቀቱን እያየ፣ በእኛ አገር የወንድምና የእህት ነገር በሸንጎው ሜዳ፣ ዱቡሻ ላይ ሽማግሌዎች ፊት ያልቃል አላት። የሐሰት ሰነዱ የመንግሥት ጉዳይ ቢሆንም፣ እሷ ይቅር ካለች ዳኛው ያቀልለታል።

«ሽማግሌዎቹ የደብረ ታቦሩን ቤቴን ይመልሱልኛል?»

ዳልጮ ወረቀቱን አጥፎ መዝገቡ ውስጥ ከተተው። 

ክንፉን ፈተሹት። ከኪሱ የወጣው ሦስት ብር፣ መሐረብና አንድ ቁልፍ ነው። ቀበቶውን አስፈትተው ሲወስዱት ዞር ብሎ፣ ቁልፉ የሚዞረው በሩን ወደ ላይ አንሥተሽ ነው አላት። 

ቁልፉ በደንቡ መሠረት ሦስት እማኝ ሲገኝ ለቤተ ዘመድ ይሰጣል። ዳልጮ በአካባቢው ማን እንዳለ ቃኘ። የተለቀቀው ኦሊያድ ጃኬቱን እያራገፈ በር ላይ ነበር። ቃል ለመስጠት የመጡት ወልደ ሚካኤል አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ራሱ ዳልጮ ሆነ።

ወልደ ሚካኤል መነጽራቸውን አስተካክለው፣ እስከ አያት ሙሉ ስማቸውን እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ አሳምረው ፈረሙ። ወረቀቱን ወደ እሷ ሲያዞሩ ዓይኗን ላለማየት ተጠነቀቁ።

ኦሊያድ ለአንድ ጊዜ የሚቀልድበት አጣ። «እትዬ፣ ይቺን ክፍል እንዳይለቁ» አላት ዝቅ ብሎ። «ባሁኑ ሰዓት ሌላ አያገኙም።»

አገኘሽ ፈረመች። የአርባ ምንጭ ቤቷን ቁልፍ በሦስት እማኝ ፊት ተረከበች።

ሲቀላ ስትደርስ ልጆቹ ደጃፉ ላይ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ተስፋጽዮን ቤታችን ተገኘ ወይ አላት። እሷም በሩን ወደ ላይ አንሥታ ቁልፉን አዞረችው።