ከማሽኑ ላይ የወረደችው አረንጓዴ ከረጢት

ፕሮፌሰር ዌንግ በቤተ ሙከራው፣ ዘንግ እየጎተተ ጥንካሬውን ከሚለካው ማሽን አጠገብ ተዘርረው ቀርተዋል። በደቃቅ የሴራሚክ ብናኝ የጠነከረው የፕላስቲክ ዘንግ ሲበጠስ ስባሪው አንገታቸውን መታቸው፤ ነጭ ብናኙም ክፍሉን እንደ ዱቄት አልብሶታል። መርማሪ ኮ ከሲንቹ ከተማ ፖሊስ ስትደርስ፣ የዘንጉን ድብልቅ የሠራችውን ወጣቷን ዩንሩን ካቴና ገብቶላት አገኘቻት።

«በደንብ አላማሰለችውም» አለ የፕሮፌሰሩ ምክትል ዶክተር ፋን። «ብናኙ ሲጓጉል ዘንጉ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ያው፣ ሰው ገደለች።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ አማስያለሁ!» ዩንሩ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እናቴ ይህን ከሰማች አትተርፍም።»

ኮ የማሽኑን አናት አየች። በእጇ ጠረግ አደረገችውና ወደ ሽማግሌው ቴክኒሻን ዞረች።

«አጎት ሹ፣ ማሽኑ ያለ መልካም ዕድል ከረጢት ነው እንዴ የሚሠራው?»

«ኧረ በስመአብ! እንደ ልማዳችን ማሽኑ አደብ እንዲገዛ ብዬ አረንጓዴዋን የበቆሎ ቁርሳቁርስ ከረጢት ዛሬ ጠዋት በእጄ ነው ያስቀመጥኳት። ያልተከፈተች፣ ጊዜዋ ያላለፈ!» ሽማግሌው ማሽኑን አይተው ደነገጡ። «የት ሄደች?»

ፋን ሳቀ። «በሳይንስ ቤት የአሮጊት ተረት!»

«ከፕሮፌሰሩ በፊት እዚህ ማን ገባ?» ስትል ጠየቀች ኮ።

«ሦስታችንም ገብተን ወጥተናል» አሉ ሹ።

ኮ መሳቢያዎቹን ሁሉ አስፈተሸች። ከዚያ ሦስቱንም ማሽኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ዘንጉማ የገባው ሊሰበር ነው፤ ጥንካሬው የሚለካው ሲበጠስ አይደል? ስባሪውን ማስቀረት የነበረበት የማሽኑ መከለያ ነው፤ አራቱም ብሎኖቹ ግን ላልተዋል። ማን አላላቸው? ዘንጉ ሲበጠስ ከረጢቷ እዚህ ብትኖር፣ ሥሯ ንጹሕ ሆኖ ይቀር ነበር። ብናኙ ግን አናቱን እኩል ሸፍኖታል። ከመበጠሱ በፊት ያነሳት ሰው አለ ማለት ነው። ይኸውና፣ አንድ ብናኝ ሳይነካት ከዶክተር ፋን መሳቢያ ተገኘች።»

«ርቦኝ ነው የወሰድኳት!»

«ታዲያ ለምን አልበሏትም?» ኮ ወደ ማሽኑ ስክሪን ጠቆመች። «ዘንጉ የተበጠሰው በጥናትዎ ላይ ከጻፉት የጥንካሬ ቁጥር ግማሽ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ ውሸትዎን ሊያጣሩ ነበር የገቡት።»

የፋን ፊት ዐመድ መሰለ።

«ብሎኖቹን አላላህ፤ ማሽኑ አደብ ገዝቶ ሰውዬውን እንዳያተርፍብህ ፈርተህ ከረጢቷን አነሳህ» አለችው፣ አንቱታውን ትታ። «መዘዟ እንዳይደርስብህ መጣሏንም ፈራህ።»

«እኔ እኮ በዚህ ነገር አላምንም» አለ ፋን ዓይኑን ከከረጢቷ ሳያነሳ።

ኮ ካቴናውን ከዩንሩ እጅ ፈትታ ለእሱ አስገባችለት።

«በይ ልጄ፣ ሌላ ሰው ሳይነግራት ለእናትሽ ደውዪ» አለቻት።