የባዶው መስታወት ልኬት

ምድር ቤት ያለው ቤተ ሙከራ መስኮት የለውም። የትልቁ ማግኔት ቴክኒሽያን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ልጅ ጋር እዚያ ሲውል፣ እወድሻለሁ የሚለው ቃል አፉ ላይ እየደረሰ ሲመለስ ኖሯል።

እሷ ተመራማሪ ናት። መስታወት ላይ የተለበጠ ስስ የካርቦን ሽፋን ማግኔቱ መሐል ታስገባና፣ በሽፋኑ የሚያልፈው የብርሃን ሞገድ ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ ትለካለች። ውጤቷ ጉድ ተብሎ፣ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አስገኘላት። ያሳደጓት አክስቷ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ወይ ትሄዳለች፣ ወይ እሳቸው የመረጡላትን ባለሱቅ ታገባለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቴክኒሽያኑ መሣሪያውን ሲፈትሽ፣ ሽፋን የሌለው ባዶ መስታወት አስገባ። ቁጥሩን ሲያይ ክው አለ። ባዶውም ብርሃኑን ያንኑ ያህል ጠመዘዘው። ለካ ብርሃኑን ሲጠመዝዝ የኖረው ሽፋኑ ሳይሆን መስታወቱ ነበር! መጀመሪያ ባዶውን ለክተው ከውጤቱ መቀነስ ነበረባቸው፤ እሷ እሱ ለክቶታል ብላ፣ እሱም እሷ ለክታዋለች ብሎ ዘለሉት።

ቢነግራት፣ ሊያስቀረኝ ነው ትላለች። ዝም ቢል፣ በተሳሳተ ውጤት ትሄድና አንድ ቀን ትዋረዳለች። ማጣፊያው አጠረው።

ገና ስትገባ ነገራት።

«እንዳልሄድ ነው አይደል?» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንደምትወደኝ የማላውቅ መሰለህ?»

ባዶውን መስታወት አቀበላት። «እወድሻለሁ። ግን ቃሌን ብቻ አትመኚ፤ ራስሽ ለኪው።»

ሦስት ጊዜ ለካች። ሦስቱም ያው። እርሳሷን አስቀመጠች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሳበችና ያሳተመችው ጥናት እንዲሰረዝ፣ በእሱ ያገኘችው የትምህርት ዕድልም እንዲቀር የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፋ ላከች።

«በል እንግዲህ፣ ባለሱቁ ደስ ይበለው።»

«ታገቢዋለሽ?»

«አንተ ደግሞ! ይህን የሚያህል ማግኔት ስታዝዝ ኖረህ አንዲት ሴት መሳብ አቃተህ?» ሳቋና ለቅሶዋ ተደበላለቁ። «ና፣ አክስቴ ቤት ሸኘኝ።»

መንገዱን ሁሉ እጁን አለቀቀችውም። አክስቷ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«የምወደው ሰው ነው፣ እትዬ። ጉዞው ቀርቷል። ባለሱቁም ይቅርብኝ።»

እጃቸው በሩን ሊዘጋ ሄደ።

«እሱን ካላስገቡት እኔም አልገባም» አለች፤ እጁን እንደያዘች።

አክስቷ በሩን ለቀው፣ ሁለቱም እንዲገቡ ፈቀቅ አሉ።