ማንም አይወርድም

የኦቦ ፉፋን ፒክአፕ አምቦ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። ስሟ «ውረዱ» ነው። ስሙን ያወጣላት የጌዶ ዳገት ነው። የጉደርን ድልድይ ተሻግራ ሽቅብ ስትጀምር ታቃስታለች፤ ትንሽ ወጣ ስትል ትስላለች፤ ከሾላው ዛፍ በላይ ካለው ጠምዛዛ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ያኔ ኦቦ ፉፋ አንገታቸውን በመስኮት ያወጡና «ውረዱ!» ይላሉ። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ይገፋል፣ ይራገማል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ነበር። ከፍሎ የሚገፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአምቦ ሰው ገፍቷል።

ልጃቸው ወርቅቱ ግን ነገሩን ለምዳው አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ገበያው ዳር ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች፤ በተለይ ሽንሽን ቀሚስ ላይ የሚደርስባት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፋችውን ይዛ በአባቷ መኪና ጌዶ ገበያ ትወጣለች። «የውረዱ ልጅ መጣች» ሲሏት ፊቷ ይቀላል፤ አንገቷን ግን ደፍታ አታውቅም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ «ውረዱ» እንደ ልማዷ ጠምዛዛው ላይ ቆመች። ሰው ሁሉ ወርዶ ትከሻውን ሲያስጠጋ፣ አንድ ቱታ የለበሰ ወጣት ወደ ፊት ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ።

«አንተ! ግፋ እንጂ እንደ ሰው!» ብላ ጮኸችበት ወርቅቱ። እሷም እየገፋች ነበር።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ ወጣቱ ዞር እንኳ ሳይል። «ታፍና ነው።»

«ማን አፈናት?»

«እጅሽን አምጪ።»

አመጣች። ለምን እንዳመጣች እሷም አታውቅም። መዳፏን ይዞ ሞተሩ አየር ከሚስብበት አፍ ላይ አደረገው። አየሩ ይፋጃል። ከጎኑ የጭስ ማውጫው ብረት እንደ ምጣድ ግሏል።

«የምትተነፍሰው ይህንን ነው» አላት። «ትኩስ አየር ስስ ነው፣ አያጠግብም። ጋቢ ተከናንቦ ዳገት የሚወጣ ሰው አስቢ። ቀዝቃዛውን አየር ከፊት ለፊቷ በቧንቧ ብናመጣላት ይህ ዳገት ምን አላት!»

«ለመሆኑ አንተ ማነህ?»

«ዱጋሳ እባላለሁ። የእንጭኒ ልጅ ነኝ፤ አምቦ ጋራዥ እሠራለሁ።»

እጇን ገና አልለቀቀም። እሷም አልቀማችውም። ኦቦ ፉፋ ጥሩምባውን አምባረቁት፤ ያኔ ነው ሁለቱም የባነኑት።

በሳምንቱ ዱጋሳ በረንዳዋ ላይ ከች አለ። እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ቆዳው ሊላጥ ደርሷል፤ ግራሶው ግን ከጥፍሩ ሥር አልወጣም።

«እጅጌ ትሰፊያለሽ?»

«ሥራዬ ነው። ሸሚዝህን አምጣ።»

«ለእኔ አይደለም። ለአባትሽ መኪና ነው።»

ወርቅቱ እስኪደክማት ሳቀች። እሱ ግን ቁም ነገሩን ይዟል። ከፊት አየር የሚቀበለውን አፍ ከላሜራ ቀጥቅጦ ሠርቶታል። ከዚያ እስከ ሞተሩ ያለው ደግሞ መታጠፍ አለበት፤ ላሜራ ከሆነ የጠጠር መንገዱ መንገጫገጭ በሳምንት ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከመኪና ሸራ እጅጌ ይሰፋለት ዘንድ ነው የመጣው።

«ሞተሩ ሲስብ ሸራው አይጨማደድም?» አለችው ሳቋን ገትታ።

ዱጋሳ ጭንቅላቱን አከከ። «ይጨማደዳል» አለ። «ይህን አላሰብኩትም።»

«እንግዲያው በየስንዝሩ የሽቦ ቀለበት እንስፋበት። ክሩን ሰም አስነካዋለሁ፤ አየር አያሾልክም።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። ሰው ቆንጅዬ ብሏት ያውቃል፣ ባለሙያ ብሏት ያውቃል፤ እንዲህ ግን ያያት የለም። ክሩን መርፌ ውስጥ ለመክተት ሦስት ጊዜ ሞከረች።

እጅጌው በአንድ ቀን የሚያልቅ ነበር። አምስት እሑድ ፈጀ። አንዴ ጠበበ፣ አንዴ ረዘመ እየተባለ ተፈታ፣ ተሰፋ። ሱቁን የያዙት እትዬ ሰኪና ከውስጥ ሆነው ያዩና «የዚህች መኪና ክንድ አያልቅም እንዴ?» ይላሉ። ሁለቱ መሬት መሬት ያያሉ። አየ ፍቅር!

በታኅሣሥ «ውረዱ» ለፍሬን ጥገና ጋራዥ ስትገባ ዱጋሳ እጅጌውን ገጠመላት። ኦቦ ፉፋ አላወቁም። አቧራ እንዳይገባ ብላ ወርቅቱ አፉ ላይ አቡጀዲ እንደ ከበሮ ወጥራ ሰፍታበታለች። ቅዳሜ ሁለቱም ተሳፈሩ።

የረሱት ነገር ወሩን ነው። ከጉደር በላይ ገበሬው በመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፍ ይወቃል፤ ንፋሱ እብቁን አንስቶ መንገዱን ሁሉ አልብሶታል። አቡጀዲው በዚያ ሁሉ እብቅ እንደ ጭቃ ተለሰነ። መኪናዋ ጠምዛዛውስ ይቅር፣ ሾላው ዛፍ እንኳ ሳትደርስ ትንፋሿ ተቋረጠ።

«ውረዱ!»

«ድሮ ከሾላው በላይ ነበር የምንወርደው፤ አሁንማ ከታች ጀመርን!» አለ አንዱ። ሳቁን ገደሉ አስተጋባው።

ኦቦ ፉፋ ኮፈኑን ከፍተው እጅጌውን አዩ። ደማቸው ፈላ። «መኪናዬን ያፈናት ማነው?»

ወርቅቱ እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት ዱጋሳ ቀደማት። «እኔ ነኝ ኦቦ ፉፋ። ጨርቁንም የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ውሸቱን ነው። ጨርቁን የመረጠችው እሷ ናት። ሽማግሌው እጅጌውን ገንጥለው ቦይ ውስጥ ወረወሩት። ወርቅቱ ሰው ሁሉ እያየ ቦዩ ውስጥ ወረደች፣ አነሳችው፣ አቧራውን አራገፈች። ማታ አምቦ ሲገቡም ትከሻዋ ላይ እንደ ነጠላ ጣል አድርጋ በገበያው መሀል አለፈች። የሚያፍር ይፈር፣ እሷ አላፈረችም።

በጥር ዱጋሳ ሦስት ሽማግሌ ላከ። መሪያቸው ኦቦ አመዩ ናቸው፤ ቃላቸው አገር የሚያስታርቅ አዛውንት። ችግሩ፣ ኦቦ ፉፋ ልጃቸውን ጌዶ ላለው እህል ነጋዴ፣ ለተሬፋ፣ ሊሰጡ አስበዋል። ተሬፋም ለሠርግ ቀሚሷ ከሕንድ የመጣ ስስ የጥጥ ጨርቅ ልኮላት ሣጥኗ ውስጥ ተቀምጧል። «ትለብሺዋለሽ» ብለዋታል አባቷ።

ሽማግሌዎቹ ነገራቸውን ሲጨርሱ ኦቦ ፉፋ ከት ብለው ሳቁ። «ለዚያ ግራሶ ለለበሰ? መኪናዬን ላፈናት? እሺ! ‹ውረዱ› አንድ ሰው ሳታወርድ ጌዶ የወጣች ቀን ኑና ልጄን ውሰዱ!»

እንዲህ ሲሉ በጭራሽ ማለታቸው ነው። ግን በእኛ አገር በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል መልሶ አይዋጥም። ኦቦ አመዩ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው «ሰምተናል» አሉ።

ያን ጊዜ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ሽማግሌ ፊት ልጃገረድ አትወጣም፤ ወርቅቱ ወጣች።

«ጭነቱስ አባ? ቀኑስ?»

«ላኪ፣ ተይ! ግቢ አንቺ!»

«ጭነቱና ቀኑ ይነገር እንጂ። ነገ ባዶዋን ስለሆነች ነው የወጣችው እንዳትለኝ።»

«ሙሉ ጭነት! በሚመጣው ቅዳሜ!» ብለው አምባረቁ። ተናደው ተናገሩ እንጂ አሁን ቀኑም ታሰረባቸው።

ወርቅቱ በማግስቱ ጋራዥ ሄደች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለተኛ ስለ እኔ እንዳትዋሽ» አለችው ዱጋሳን። ከዚያ የያዘችውን ዘረገፈች፤ አቡጀዲ፣ ሻሽ፣ ካኪ፣ አንድ እፍኝ እብቅ። «አፍህን አምጣ።»

«ምን?»

«አምጣ አልኩህ። እኔ እጄን አምጪ ስትለኝ አላመጣሁም?»

ጨርቁን በሁለት እጇ ወጥራ በሱና በሷ ፊት መሀል ያዘችው። «ተንፍስ።» በአቡጀዲው ትንፋሹ አልደረሳትም። በካኪው ጭራሽ። በሻሹ ደረሳት፤ እብቁም አብሮ ገባና አስነጠሳት። በመጨረሻ ከጉያዋ አንድ ነጭ፣ ስስ ጨርቅ አወጣች።

«ይሄስ?»

«የሠርግ ቀሚሴ ነው። ተሬፋ የላከው።»

ዱጋሳ ፊቱ ጠቆረ፤ ዓይኑን መለሰ።

«ተንፍስ እንጂ!»

ተነፈሰ። ሞቅ ያለ ትንፋሹ ጉንጯ ላይ አረፈ፤ እብቁ በሱ በኩል ቀረ። ተሳክቷል። ጨርቁን ማውረድ ነበረባት፤ አላወረደችውም። እሱም አልራቀም። በዚያች ስስ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ።

ከዚያ መቀስ አነሳች።

«ወርቅቱ፣ አባትሽ ይገድሉሻል!»

«ዝም በልና ያዝልኝ። ሁለት ክንድ በማይሞላ ወገብ ላይ ስምንት ክንድ ጨርቅ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቃለህ?»

«እኔ የት አውቄ!»

«በሽንሽን ነዋ! ያኔ ወጥሬ ሰፋሁት፣ ትንሽ እብቅ ደፈነው። ይሄ ግን እጥፋቱ ብዙ ነው፤ ቢደፈን እንኳ ቶሎ አይሞላም።»

ጨርቁን በሙሉ ሸነሸነችው። ዱጋሳ በትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አስገብቶ ከሸራው እጅጌ ጋር አገጣጠመው፤ የፊቱንም አፍ ከፍ አድርጎ እብቅ በቀጥታ እንዳይመታው ዞር አደረገው።

ቅዳሜ ኦቦ ፉፋ ባሌስትራው እስኪተኛ ጫኑ። እህል፣ ጨው፣ ሰው፣ ሁለት ሙክት። ኮፈኑን አልከፈቱም፤ «የፈለጋችሁትን ሥሩ፣ ወሬው ጠምዛዛው ላይ ያልቃል» ብለዋል። መሪውን ራሳቸው ያዙ። ከጎናቸው ኦቦ አመዩ ተቀመጡ። ወርቅቱና ዱጋሳ ከኋላ ጆንያ ላይ ናቸው።

ጉደርን ተሻገሩ። ጤፉ ይወቃል፣ እብቁ ይበናል። መኪናዋ አላቃሰተችም። ሾላው ዛፍ ጋ ሲደርሱ አልሳለችም። ዛሬ መኪናዋ ካልወጣች ወርቅቱ በመጪው ወር የተሬፋ ሚስት ናት፤ ሌላ ቀን የለም።

ጠምዛዛው ላይ የሞተሩ ድምፅ ወፈረ። ተሳፋሪው ልማዱ ነውና ተነሣ። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ሰበሰቡ፤ አንዱ ሰውዬ እግሩን አሻግሮ ሊዘል ነው።

ወርቅቱ ጆንያው ላይ ቆመች። «ማንም አይወርድም! ቁጭ በሉ!»

«አንቺ ልጅ፣ ልትገለበጥ ነው እኮ!»

«ትገልበጥ! ቁጭ በሉ አልኩ!»

ተቀመጡ። ያን ጊዜ የኦቦ ፉፋ አንገት በመስኮቱ ወጣ። አፋቸው ተከፍቷል። ወርቅቱ ከላይ ሆና ታያቸዋለች። እግራቸውን ከቤንዚን መስጫው ላይ ትንሽ ላላ ቢያደርጉ በቃ፣ መኪናዋ ትቆማለች፤ ማንም አይከሳቸውም። አይታ ጠበቀች።

ሽማግሌው ቃሉን አላወጡትም። ጆሯቸውን አቅንተው ሞተሩን አዳመጡ። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም። አንገታቸውን አስገቡ፤ ማርሹ ተቀየረ፤ «ውረዱ» ጠምዛዛውን ዞረች።

ከላይ ሲደርሱ እልልታው ቀለጠ። ኦቦ ፉፋ ግን ጆሯቸው ገና ሞተሩ ላይ ነው፤ አልቆሙም። ገበያውን አለፉ፣ የተሬፋን ሱቅ አለፉ፣ ከከተማው ሊወጡ ነው።

«ኦቦ ፉፋ! አውርዱን እንጂ! ወዴት ነው?» እያለ ሰው ጣራውን ደበደበ።

ቆሙ። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። ጣሳውን ከፍተው ሽንሽኑን ሲያዩ እጃቸው ቀጥ አለ። ተሬፋም ከሱቁ ሮጦ ደርሷል፤ ጨርቁን ገና በሩቁ ለየው።

«ይሄ… ያ ጨርቅ አይደለም?» አሉ ኦቦ ፉፋ።

«ነው» አለች ወርቅቱ። «ትለብሺዋለሽ አላልከኝም? እኔ አልለብሰውም። መኪናህ ለበሰችው።»

ተሬፋ ፊቱን አዙሮ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ኦቦ አመዩ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉ፣ ያ ብቻ በቃ። ኦቦ ፉፋ ልጃቸውን አዩ፣ ዱጋሳን አዩ፣ ግራሶ የያዘ ጥፍሩን አዩ። ከዚያ ቁልፉን ወረወሩለት።

«መልሱን አንተ ንዳ» አሉት። «አማች ሆነህ ከኋላ አትጫንም።»

ሠርጉ በሚያዝያ ሆነ። ሙሽሮቹን የወሰደቻቸው «ውረዱ» ናት፤ አፍንጫዋ ላይ አበባ ታስሮላታል። ጠምዛዛው ላይ ስትደርስ ምንም አላላትም፤ እየዘለለች ልታልፍ ነው።

«አቁም» አለች ወርቅቱ።

ዱጋሳ ደነገጠ። «ምነው? ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። አቁም።»

ቆመ። ወርቅቱ በገዛ እጇ የሰፋችውን የሠርግ ቀሚስ ሰብስባ ወረደች። አጃቢው ሁሉ አንገቱን አውጥቶ አያት። መንገዱ መሀል፣ ስንት ዓመት በገፋችበት አቧራ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ስለፈለግሁ ነው የወረድኩት!» አለች፣ ዳገቱን ቀና ብላ እያየች። ከዚያ ለዱጋሳ እጇን ዘረጋችለት፤ እሱም ያዛት፤ ወጣች፤ ሄዱ።